እግር የተተከለበት ምንሽር

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10 ሰዓት

«ባለፈቃዱ ለግል መገልገያ በተፈቀደላቸው ነጠላ ጠመንጃ ላይ ሁለት የብረት እግር በመትከል መሣሪያውን ወደ ቡድን መሣሪያነት ለውጠው የተገኙ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ መሣሪያው በንብረት ክፍል እንዲቆይ ተደርጓል።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። ማስታወሻዬ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዝልኝ። ነገ ተናድጄ ቃሉን ባጣምመው አንተ ታርመኛለህ።

የቡድን መሣሪያ። መትረየስ ማለታቸው ነው። አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ጥይት ያቀብላል፣ አንዱ ይሸከማል። የኔ ግን የአባቴ ምንሽር ነው። አንድ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ መቀርቀሪያው በእጅ ካልተሳበ ሁለተኛው አይተኮስም። ቡድኑ የታል? እኔ ነኝ ቡድኑ። እኔም ብሆን ሙሉ ሰው አይደለሁም። ያ በሽታ ግማሽ ጎኔን ከመታኝ ወዲህ ግራ እጄ የሻይ ብርጭቆ አያነሳም። እግሩን የተከልኩት ለዚህ ነው። እጄ ያልቻለውን ብረቱ ይሸከምልኝ ብዬ።

ደግሞ ማንም አልያዘኝም። ለዓመታዊ ምርመራ ራሴ ይዤው ሄድኩ። ሰዒድ፣ የባለቤቴ የዘሃራ ታናሽ ወንድም፣ ጨፋ ያለውን ማሳዬን አብሮኝ የሚያርስ፣ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። እግሩን ፈትተው ይሂዱ ጋሼ፣ ሲመለሱ መልሰው ያስሩታል አለኝ። እንቢ አልኩ። ምርመራ ማለት ያለውን ማሳየት ነው። ፈትቼ ብወስደው ነበር የምዋሸው።

ደረሰኙን ሲሰጡኝ እንኳ «ከነእግሩ» ብለው አልጻፉም። «አንድ ጠመንጃ» ብቻ። በወረቀታቸው ነጠላ፣ በደብዳቤያቸው የቡድን።


ጥቅምት 21፣ ዓርብ። ከጁምዓ በኋላ

ዛሬ ቀዝቀዝ ብያለሁ። ሥራው እንዴት እንደተሠራ ልጻፍ። ነገ ባለሙያ ነኝ የሚል መምጣቱ አይቀርም።

የድሮውን ሰደፍ ምስጥ በላው። አዲሱን ከአንድ ወጥ እንጨት ላስጠርበው ነበር። ግን የጨፋን አየር አውቀዋለሁ። ክረምት እንጨቱ ያብጣል፣ በጋ ይጣመማል፣ በርሜሉን ይገፋዋል፣ ዒላማው ይስታል። ስለዚህ ዋንዛና ወይራ በስስ ጣውላ አስሰነጠቅሁ። እያፈራረቅሁ በኮላ አጣበቅሁ። ከዚያ ሞርሳ፣ የብረት መቆንጠጫው፣ ውስጥ አስሬ አደረቅሁት። አንዱ ጣውላ ልጣመም ሲል ጎረቤቱ ይይዘዋል። አናጢው እያየ ኮምፔርሳቶ ጠመንጃ ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ተጠርቦ ሲያልቅ ጎኑ የነጭና የቡናማ መስመር ነበረው። ዝም ብዬ የምዳብሰው ሆነ።

እግሩ ላይ ነው ጥንቃቄው። ጣውላዎቹ ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው። ከሥር ቪቴ፣ ጠምዛዛውን ሚስማር፣ ብትነዳበት ቪቴው ሽብልቅ ይሆናል፤ በኮላው መስመር ገብቶ ይፈለቅቀዋል። ስለዚህ በቪቴ አልሠራሁም። በርሜሉን አነሳሁ። ማደሪያው ውስጥ ስስ ብረት አነጠፍኩ። ቀዳዳውን ቀስ ብዬ በትራፓኖ በሳሁና ብሎኑን ከታች አስገብቼ ዳዶውን ከላይ፣ በርሜሉ ሥር አሰርኩት። በርሜሉን ካላነሳህ ዳዶውን አታየውም። እግሮቹ ከሁለት የተጣሉ ሞተር ሳይክሎች ማቆሚያ የተቆረጡ ናቸው። ሞረድኳቸው። ወደፊት ይታጠፋሉ፣ ከነሞላቸው።

ጨፋ ማማው ላይ ወስጄ ርብራቡ ላይ አቆምኩት። ሰዒድ አየው፣ ዞረው። ማሻ አላህ፣ ጠመንጃው እግር አወጣ፤ ከእንግዲህ ገበያም ራሱ ሄዶ ይመለሳል አለ።

ትናንት ጠመንጃው መታሰሩን በስልክ ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? አራት እግር ቢያደርጉለት ኖሮ ከብት ነው ብለው ያሳልፉት ነበር። ዘሃራ ከጎኔ ሆና ሰምታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አሁን ስጽፈው ሳቅሁ።


ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

የጸጥታ ጽ/ቤት። ሦስት ሰዓት ደረስኩ፣ አምስት ሰዓት ገባሁ።

ኃላፊው የድሮ ተማሪዬ ነው። በፊዚክስ ደካማ አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ግራ እጄን አይቶ ዓይኑን አሸሸ። ሻይ አስመጣ። አልጠጣሁም።

ጠየቅሁት። የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ? የምንሞላው ቅጽ ላይ እግር የሚለው የቡድን መሣሪያ ሥር ብቻ ነው ያለው አለኝ። ነጠላ ጠመንጃ ሥር እግር የሚጻፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ እግር ያለው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ታዲያ ቀንድ ያለው ሁሉ በሬ ነው? ፍየሉን የት ታደርገዋለህ? ብዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ አፏን ይዛ ወጣች።

«መምህር፣ ዛሬም ፈተና እያረሙ ነው» አለ። በቁጣ አይደለም። ያ ነው የባሰብኝ።

እጄን አሳየሁት። ከርከሮው ከቦርከና ዳር እየወጣ ማሽላ ውስጥ እንደሚገባ፣ ዘንድሮም ሳምንት ባልሞላ ጊዜ እንደሚጀምር ነገርኩት። ወደ ሰማይ ተኩሰው የሚያባርሩ አሉ። እኔ አላደርገውም፤ የወጣ ጥይት ይወርዳል፣ ሥር ቤትና እረኛ አለ። አነጣጥሬ ነው የምተኩስ። ለማነጣጠር መደገፊያ ያስፈልገኛል።

ገባኝ መምህር፣ ገባኝ አለ። ግን ከላይ ያለው ሰው ነገ ቢጠይቀኝ እግር ያለው መሣሪያ ለቀቅሁ ልበል? እንነጋገራለን፣ የአገር ልጅ ነን።

ይህንኑ ጻፍልኝ አልኩት። «ገባኝ» የሚለውን። አልጻፈም።


ጥቅምት 30፣ እሑድ። ጨፋ

ማሽላው ወተቱን ጨርሶ ጠጥሯል። ዘንድሮ አምሯል። ራሱ ጎንበስ ብሏል። ይህ እርሻ የኔን ቤትና የሰዒድን ቤት ያበላል፤ ሌላ የለንም፣ የኔ ጡረታ ለመድኃኒቴ ነው።

በምዕራብ በኩል ከወንዙ ወገን ገብተዋል። ብዙ አገዳ ተኝቷል፤ የበሉት ትንሽ ነው፣ የረገጡት ይበዛል። ሰዒድ ወንጭፍ አለው፣ ጣሳ አለው፣ ጦር አለው። ወንጭፉ ለወፍ ነው። ጣሳውን ለምደውታል። ሲመታው ቀና ብለው ያዩትና መብላታቸውን ይቀጥላሉ አለ።

ጦሩ ነው ያስፈራኝ። በጦር ከርከሮ ለማባረር ከማማ መውረድ ያስፈልጋል። ማሽላው ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ምን ፊትህ እንዳለ አታይም። አትውረድ፣ ይብሉት፣ ግን አትውረድ አልኩት። «እሺ ጋሼ። ከርከሮውም እሺ ካለ።»

የጎረቤት ጠመንጃ እንዋስ? የሰው መሣሪያ መያዝ ሌላ ክስ ነው። ያኔ ደግሞ እውነትም ቡድን ነን ይላሉ።


ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ከሰዓት

 ዛሬ ጠመንጃውን ላየው ሄድኩ።

ንብረት ክፍል አስገቡኝ። ምንሽሩ ጥግ ተደግፏል። እግሮቹ የሉም። የት ናቸው? ኤግዚቢት ናቸው፣ ለብቻቸው ተመዝግበዋል። እንዴት አወጣችኋቸው? መጋዘን ጠባቂው በእጁ አሳየኝ። በሚስማር መንቀያ ብረት። ከሥር አስገብተው ፈነቀሉት። ዳዶውን ፈልገው አጡት። የሚያገኙት በርሜሉን ቢያነሱ ነበር። የሚፈታበትን መፍቻ ኪሴ ይዤ ነው የምዞረው። ማንም አልጠየቀኝም።

እንጨቱ ተፈልቅቋል። ከብሎኑ ቀዳዳ ተነሥቶ በኮላው መስመር በርሜሉን እስከሚያስረው ቀለበት ድረስ። አንዱ የወይራ ጣውላ ጫፉ ተገንጥሎ እንደ ስንጥር ቆሟል። ያነጠፍኩት ብረት ተጣሞ በስንጥቁ ይታያል። ጣቴን ሰደድኩበት። ይገባል።

ኃላፊው ዘንድ ወጣሁ። አልተቀመጥኩም። አሁን እግር የለውም አይደል? እንግዲያው ነጠላ ጠመንጃ ነው፤ መልስልኝ። ጉዳዩ አልተዘጋም አለ። ማን አዘዘ? ማን ፈነቀለ? ታዝዞ ነው መምህር፣ ልጆቹ አያውቁም አለ።

ልጆቹ አያውቁም። እኔ ግን አውቅ ነበር፣ ከዚህ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ እየኖርኩ።


ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሰዒድ። ከርከሮ። ቀኝ እግሩ፣ ከጉልበቱ ጀርባ።

ንጋት ላይ ነው። ወርዷል። በቃሬዛ እስከ አስፋልት፣ በባጃጅ እስከ ከሚሴ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ደሴ። ዘሃራ አብራ ሄደች። ፎጣው ሁሉ ደም ነበር። አስፋልቱ ላይ ደረስኩለት፤ በባጃጁ ውስጥ ጭንቅላቱ ጉልበቴ ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ወላሂ ጣሳውን መትቼ ነበር» አለኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል።

ሌላ መጻፍ አልችልም።


ኅዳር 12፣ ዓርብ። ደሴ

ቆረጡት። ከጉልበቱ በላይ። ደም ሥሩ ተበጥሶ ስለቆየ እግሩ ሞቷል አሉ። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳኝ። ገባኝ። ከሱ ጋር ጠብ የለኝም።

ዘሃራ አላለቀሰችም። ልብሱን አጥፋ ያዘች፤ የቀኙን የሱሪ እግር ደጋግማ አጠፈችው።


ኅዳር 15፣ ሰኞ። ደሴ

ዛሬ ሰዒድ ነቅቶ ተቀመጠ። ሾርባ ጠጣ። 

«ጋሼ፣ ያ የሞተር እግር ኤግዚቢት ነው አሉ።»

አዎ አልኩት።

«ሲለቁት አንዱን ለኔ ያስቀሩልኝ። ሞላም አለው፣ ይታጠፋል፣ ለሶላት ይመቻል።»

አጠገቡ የተኛው የወረባቦ ሰው ሳቀ። ሰዒድም ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ። ትከሻው ለረጅም ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ማስታወሻዬ፣ ፍርድ ላስተካክል እሞክራለሁ። ከርከሮውን ጽ/ቤቱ አልላከውም። ሰዒድን አትውረድ ብዬዋለሁ፤ ወርዷል። ይህን ሁሉ ጽፌ አየሁት። ከዚያ ሌላውን ጻፍኩ፦ ማማው ላይ፣ ሁለት እግር የተተከለበት ምንሽር ቢኖር ኖሮ የሚወርድ ሰው አልነበረም። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለተኛው ግን የማንም ወረቀት ላይ የለም።


ኅዳር 18፣ ሐሙስ። ከሚሴ

የሠፈራችን አስታራቂ ሼህ ኡመር ጠሩኝ። ወዳጃ አለ ተባልኩ፣ ለሰዒድ ዱዓ ይደረጋል። ሄድኩ። ለሰዒድ ከሆነ እንዴት እቀራለሁ።

ቤቱ ሙሉ ነው። የሠፈሩ ሽማግሌ ሁሉ፣ ጫት በየፊቱ። ኃላፊውም አለ፣ ያለ ደንብ ልብስ፣ በሽርጥ። ብድግ ብሎ ትከሻዬን ሳመ። እኔም ሳምኩት። ሼህ ኡመር ለሰዒድ ለመኑ፣ ለማሽላው ለመኑ፣ ለአገሩ ሰላም ለመኑ። አሚን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ሰዒድን ሲያነሱ ኃላፊው ዓይኑን ጠረገ። ውሸት አልመሰለኝም።

ከዚያ ነገሩ መጣ። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ምንሽሩ ይመለስልኛል፣ ነገውኑ። እኔ አንዲት መስመር ብቻ እፈርማለሁ። ኃላፊው ከኪሱ አወጣት፦ «በስህተት የቡድን መሣሪያ ያደረግሁትን ጠመንጃ እግሩን በፈቃዴ አስነሥቼ ተረክቤያለሁ።»

በፈቃዴ። ደግሜ አነበብኩት። በፈቃዴ።

አልፈርምም አልኩ።  ሼህ ኡመር እጄን ያዙ፣ የታመመውን።

«ልጄ፣ ዱጉማ ልንገርህ፣ እውነቱን። ወረቀት እግር ያበቅላል?»

አያበቅልም ሼህ፣ አልኳቸው። ግን ይህን ከፈረምኩ የሰዒድ እግር በኔ ስህተት ሄደ ማለት ነው፤ እንጨቱንም እኔ ሰነጠቅሁት ማለት ነው። ነገ ሰዒድ ልጆቹን ይዞ ማንን ይጠይቅ?

እዚህ አገር ስንት ደም በዱዓ ደርቋል አሉኝ፤ ማን ጽፎ ያውቃል? እውነታቸውን ነው። አባቴም እንዲህ ታርቋል።  እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ኃላፊው እስከ ደጅ ሸኘኝ። መምህር፣ ነገሩ እንዳይከርርብዎ አለ። ማስፈራሪያ ነው ምክር? አላውቅም። ሁለቱም ይሆናል።


ኅዳር 19፣ ዓርብ

ዘሃራ ከደሴ ተመለሰች። ሰምታለች። ከሚሴ ላይ ምን አለ የማይሰማ።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ማሽላው ቆሟል፤ ከርከሮው በየቀኑ እየገባ ነው፤ ሰዒድ የለም፤ አንተ እጅ የለህም። ጠመንጃውን ይመልሱልሃል። እግሩ ባይኖርም ጎረቤት ይተኩስልሃል፣ ከፈቃድህ ጋር አብረኸው ቁመህ። ምን ቀረህ? አለች።

ስሜ አልኩ።

«ለወንድሜ እግር ነው ወይስ ለስምህ?»

  ሁለቱ የሚለያዩበትን መስመር ፈለግሁ፤ ያ እንጨት ስትዳብሰው አንደኛው ጣውላ የት እንደሚያልቅ እንደማይታወቀው ሆነብኝ። ጎትተህ ካልፈለቀቅኸው በቀር።

ማታ ሰዒድ ደወለ። ከሱም ጋር ተነጋግራለች። «ጋሼ፣ ይፈርሙ። የኔስ የሄደው ሄዷል። ልጆቹ ማሽላ ነው የሚበሉት።» ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፣ ሒሳብ አልቆበት ይሁን ተናግሮ ጨርሶ።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ጠዋት ብዕር ይዤ ከቤት ወጣሁ። ልፈርም። አዎ፣ ልፈርም። ጽ/ቤቱ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሰው አያጣም።

መናኸሪያው ጋ ስደርስ ወደ ጨፋ የሚያልፈው የሮቢት ሚኒባስ ሰው ይጠራል። ቆምኩ። አንድ ነገር መጣልኝ። የሚያስፈርመኝ ጠመንጃው አይደለም፤ የቆመው ማሽላ ነው። ማሽላው ካልቆመ ምን ይዘው ያስፈርሙኛል?

ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

ማሳው ላይ ደርሼ የማሽላውን ራስ በጥርሴ ቆረጠምኩት። አልደረቀም። ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። አሁን ከታጨደ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ካልተጠነቀቁለት ይሻግታል። እንጀራው ይጠቁራል። አውቃለሁ። ግን ይበላል። ጎረቤቶችን ለጅጌ፣ በጋራ ለማጨድ፣ ጠራሁ፤ ለነገ። አንዳንዶቹ ሳይደርቅ? አሉ። ሳይደርቅ አልኩ።

ዘሃራን ደውዬ ነገርኳት።  ስንት ሰው ይመጣል፣ ምን ያህል ንፍሮ ልቀቅል? አለች።


ኅዳር 21፣ እሑድ። ጨፋ

ታጨደ።

ለጅጌው ከጠበቅሁት በላይ ሰው ወጣ። ለኔ አይደለም፣ ለሰዒድ ነው። የኔን ነገር ግትርነት ይሉታል፤ እየሰማሁ በኦሮምኛ ተቀባበሉት። እኔ የማልሰማ ይመስል። አንዱ መምህሩ አገዳውንም በፊርማ ካልሆነ አያስቆርጥም ብሎ አሳቃቸው። ይሁን፣ እያጨዱ ነው የሚሳለቁት።

ሼህ ኡመር መጡ። ማጭድ ይዘው። በዚህ ዕድሜያቸው። ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አላነሱም። አንድ መስመር አጭደው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ዘሃራ ከሴቶቹ ጋር ራሱን እየቀነጠበች ሰበሰበች። እኔ በአንድ እጄ ነዶ አቀበልኩ።

ማሳው ባዶ ሲሆን ማማው ብቻውን ቀረ። ወጣሁበት። ርብራቡ ላይ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፣ የእግሮቹ ጫፍ የቆሙበት። ከምዕራብ በኩል ከርከሮዎቹ ወጥተው ቃርሚያው ላይ ቆሙ። የሚረግጡት የለም። አየኋቸው፣ አዩኝ።


ኅዳር 22፣ ሰኞ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ሌሊቱን ተኝቻለሁ። ደብዳቤውን ጽፌ ጨረስኩ። ሳስረክብ ቀሪው ላይ አስፈርማለሁ። ቃሉ ይኸው፣ ላንተም፦

«ጥቅምት 20 ቀን በተጻፈልኝ ደብዳቤ ጠመንጃዬን የቡድን መሣሪያ አድርጌ መገኘቴ ተገልጿል። አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚተኩሰው፣ በየጥይቱ መቀርቀሪያው በእጅ የሚሳብ ምንሽር እግር ስለተተከለበት ብቻ የቡድን መሣሪያ የሚሆንበት ሕግ ካለ፣ አንቀጹ ተጠቅሶ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ሕጉ ከሌለ የተጻፈብኝ ቃል በጽሑፍ እንዲነሣልኝ እጠይቃለሁ።

እግሮቹን እኔ በፈቃዴ አላስነሣሁም። ሳልጠየቅ፣ ሳልጠራ፣ በብረት ተፈንቅለው ሰደፉ ተሰንጥቋል። ያዘዘው ማን እንደሆነ ይገለጽልኝ።

ጠመንጃው በእጃችሁ በነበረበት ጊዜ፣ ያንኑ እርሻ በጦር ሲጠብቅ የነበረው ሰዒድ ቀኝ እግሩን አጥቷል። ይህን እናንተ አደረጋችሁት አልልም። ጠመንጃው በዚያ ቀን የት እንደነበረና ለምን እንደነበረ ግን በመዝገባችሁ እንዲሰፍርና ግልባጩ ለሰዒድ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ።

በሽማግሌዎች ፊት የተደረገውን ዱዓ ተቀብያለሁ፤ አሚን ብያለሁ። ከኃላፊው ጋር በልቤ ቂም የለኝም፤ መንገድ ላይ ሳገኘውም ሰላም እለዋለሁ። ይህ ደብዳቤ ለሰውየው አይደለም፣ ለወንበሩ ነው። ማሽላዬ ታጭዷል፤ ስለዚህ የሚያስቸኩለኝም የሚያስፈርመኝም ነገር የለም።

መልሱ እስከ ታኅሣሥ 6 ቀን፣ ሰኞ፣ ሥራ እስከሚወጣበት ሰዓት ድረስ፣ በጽሑፍ፣ ቁጥርና ማኅተም ኖሮት ይሰጠኝ። በቃል፣ በስልክ ወይም በሰው የሚላክ መልስ አልቀበልም።»